የላይኛው ቅጠል ነው የታችኛው?

ስንቄ ከሞጣ ስትደውል አገሬ ጉልበቷ ላይ የሞቀ ጨርቅ አስራ ቢቸና ባለው ቤቷ ደጃፍ ተቀምጣ ነበር። ግንቦት ከገባ ገና አምስተኛ ቀኑ ነው።

«አገሬ፣ ችግኛችን ሊያልቅብን ነው» አለች ስንቄ። «ቅጠሉ ቢጫ ሆነ።»

«የላይኛው ቅጠል ነው የታችኛው?»

«ሁሉም።»

«ሁሉም የሚባል ቅጠል የለም። ሄደሽ እይና መልሰሽ ደውይልኝ።»

ስልኩን ዘጋችው። ንቀት አልነበረም፤ ጠባይዋ ነው። አገሬ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከቢቸና ወጣ ብሎ በነበረ አንድ የችግኝ ጣቢያ ጎንበስ ብላ የኖረች ሴት ናት። ቡናው፣ ጌሾው፣ ዋንዛው፣ ኋላ ላይም አቮካዶው በእጇ አልፏል። ጣቢያው ከተዘጋ ሦስት ዓመት ሆኖታል። እሷም ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ ግን ከእሷ ቀድሞ አርጅቷል።

ስንቄ የቢቸና ልጅ ናት። በወጣትነቷ እዚያው ጣቢያ ከአገሬ ጋር ውሃ ስታመላልስ ነበር። ሞጣ አግብታ ሄደች፤ ባሏ ሲሞት ከአሥራ አንድ ሴቶች ጋር ማኅበር አቋቁማ የአቮካዶ ችግኝ ማፍላት ጀመረች። ሞጣ ብርዳም ስለሆነች ችግኙን የሚያሳድጉት ዙሪያውን በፕላስቲክ በተሸፈነ ቤት ውስጥ ነው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«የታችኛው ቅጠል ጫፉ ተቃጥሏል፤ እሳት የነካው ወረቀት ነው የሚመስለው። የላይኛው፣ አዲሱ፣ ቢጫ ነው። አንዳንዱ ደግሞ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ይጠወልጋል።»

አገሬ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዞረች። ይህ አንድ በሽታ አይደለም።

«ማዳበሪያ ትሰጣላችሁ?»

«በየአራት ቀኑ ዩሪያ በውሃ በጥብጠን። ባለሙያዋ ናት ያዘዘችን።»

አገሬ ዓይኗን ጨፈነች። «ዛሬ እንዳትሰጡ» አለች። «ነገም እንዳትሰጡ። ነገ ጠዋት ሚኒባስ ካገኘሁ እመጣለሁ።»

ባሏ ከፋለ ከጓሮ ሆኖ ሰምቶ ነበርና እጁን እያራገፈ መጣ።

«በዚህ እግርሽ? መንገዱስ ቢዘጋ?»

«ቢዘጋ እዚያው እቆያለሁ።»

«ያንቺ ችግኝ አይደለም እኮ፣ አገሬ።»

«አይደለም» አለች፤ ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ ተነሳች። መሄድ ፈልጋ አልነበረም። እቤት ቁጭ ብላ ስለ እነዚያ ቅጠሎች ከማሰብ ግን መሄዱ ይሻላል ብላ ነው።

ሚኒባሱ ደብረ ወርቅንና ግንደወይንን አልፎ ሞጣ እስኪገባ ከግማሽ ቀን በላይ ፈጀ። ሁለት ቦታ ፍተሻ ነበር። ሁለቱም ቦታ ሰዉ ሁሉ ወርዶ፣ ተሰልፎ፣ መታወቂያውን አሳይቶ ይሳፈራል። አገሬን መውረዱ አላስቸገራትም፤ ተመልሶ መውጣቱ ነው ያደከማት። ሞጣ ስትደርስ ስንቄ መናኸሪያው ላይ ቆማ ጠበቀቻት፤ ተሳሳሙ፤ ሻንጣዋን ተቀበለቻት። ምሳ ብዪ ብትባልም አገሬ አስቀድማ ችግኙን ማየት ፈለገች።

ፕላስቲክ ቤቱ ወረዳው ለማኅበሩ በሰጠው ቦታ፣ ከስንቄ ግቢ ጀርባ ነው። አራት ሺህ ሁለት መቶ ችግኝ በጥቁር የፕላስቲክ ከረጢት ተተክሎ መደዳውን ተደርድሯል። በሩ ላይ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገች ወጣት ማስታወሻ ደብተር ይዛ ቆማለች። ስሟ ብሩክታይት ነው፤ የሐዋሳ ልጅ ናት፤ በወረዳው የሆርቲካልቸር ባለሙያ ሆና ከተመደበች ሁለት ዓመት አልፏታል።

«እንኳን ደህና መጡ፣ እትዬ አገሬ» አለች፤ ድምፅዋ ጨዋ ነው፣ ፊቷ ላይ ግን ደስታ አልነበረም። «ስንቄ ስለ እርስዎ ነግራኛለች።»

«እንኳን ደህና ቆየሽኝ፣ ልጄ።»

አገሬ ስትገባ መጀመሪያ ቆም ብላ አየሩን አሸተተች። ሙቀቱ ፊት ላይ ይለጠፋል፤ የረጋ ውሃ ይሸታል። ከዚያ ጣቷን አንዱ ከረጢት ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገብታ አወጣችው። ጭቃ ነው። ቅጠል ገለበጠች፤ ከሥሩ ተባይ ፈለገች፤ አላገኘችም። የተቃጠለውን ጫፍ በሁለት ጣቶቿ ስትሰብረው ተንኮሻኮሸ። በመጨረሻ አንዱን የጠወለገ ችግኝ ከነአፈሩ አውጥታ ሥሩን በባልዲ ውሃ አለቀለቀችው። ነጭ መሆን የነበረበት ሥር ጠቁሮ እንደ በሰበሰ ክር በእጇ ላይ ቀረ። ወደ ብሩክታይት አፍንጫ አስጠጋችው።

ብሩክታይት ሸሸት አለች። «በስብሷል።»

«በቀን ስንቴ ነው የምታጠጡት?»

«ጠዋትና ማታ።»

«እዚህ ፕላስቲክ ውስጥ?»

«ቢጫ ሲሆንብን ደርቆ ይሆናል ብለን ጨመርን። ከዚያ ደግሞ…» ደብተሯን ገለጠች፤ ቀኑ፣ መጠኑ፣ ሁሉም በደንብ ተጽፏል። «ቢጫ ሲሆን የናይትሮጅን እጥረት ነው ብዬ ዩሪያ አዘዝኩ። ለውጥ ስላልነበረው መጠኑን አሳደግሁት።»

«ርሃብ ቢሆን ከታች ነበር የሚጀምረው» አለች አገሬ። «ተክል ሲርበው አሮጌ ቅጠሉን በልቶ አዲሱን ያበላል። የዚህ አዲሱ ነው የታመመው። ታችኛው ላይ ያለው ደግሞ ርሃብ አይደለም፣ ቃጠሎ ነው። ዩሪያው ነው ያቃጠለው።»

ብሩክታይት ደብተሯን ዘጋች። ጆሮዋ ቀላ።

በዚያው ቀን ከሰዓት የፕላስቲኩን ግራና ቀኝ እስከ ወገብ ድረስ ጠቅልለው አነሱት፤ ነፋስ ገባ። ከረጢቶቹ ሥር ያለው ቀዳዳ በጭቃ ተደፍኖ ስለነበር ሴቶቹ አንድ በአንድ በሚስማር ይበሱ ጀመር። በማግስቱ መለየት ተጀመረ። ይህ ነው ከባዱ ሥራ። እያንዳንዱን ችግኝ ማንሳት፣ ግንዱን ነቅነቅ አድርጎ ሥሩ መያዝ አለመያዙን ማየት፣ የበሰበሰውን ወደ ውጭ፣ ያልበሰበሰውን ወደ ደረቁ መደብ። የበሰበሰ የነካ እጅ ጤነኛ እንዳይነካ በረኪና የተጨመረበት ውሃ በየመደቡ ጫፍ ተቀመጠ። የተጣለው ከነአፈሩ ራቅ ካለ ቦታ ተቃጠለ። የሴቶቹ እጅ ተላጠ። ሦስት ቀን ፈጀባቸው፤ ሲጨርሱ አንድ ሺህ መቶ ሠላሳ ችግኝ ወጥቷል።

ስንቄ ጭሱን እያየች ቆማ «በጥቅምት ፍሬውን ስንዘራ እኮ አንዷን እንኳ አልጣልኩም፤ የተሰነጠቀችውን ሳይቀር አፈላኋት» አለች።

አገሬ ወገቧን ይዛ ከአጠገቧ ቆመች፤ በቃ።

የቀሩትን አራት ቀን ሙሉ ውሃ አላጠጧቸውም። ከዚያ ወዲያ አፈሩ በጣት ሲነካ ካልደረቀ በስተቀር ማጠጫ የሚባል ነገር ወደ ቤቱ እንዳይገባ አገሬ ከለከለች። ማዳበሪያ የለም። በስምንተኛው ቀን የቅጠሉ ጫፍ መቃጠሉን አቆመ። የሚጠወልግም ጠፋ። ሴቶቹ መሳቅ ጀመሩ፤ ብሩክታይትም ከምሳ በኋላ አንድ ጊዜ ፈገግ ስትል ታየች።

አገሬ ግን አልሳቀችም። ከጫፍ የሚወጣውን አዲሱን ቅጠል እየዞረች ታይ ነበር። አሁንም ቢጫ ነው። ከበፊቱም ጎልቶ ይታያል፤ ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ፣ በጅማቱና በጅማቱ መካከል ያለው ገላው ገርጥቷል፤ ቢጫ ጨርቅ ላይ አረንጓዴ መረብ የዘረጉበት ይመስላል። አንዳንዱ ወደ ነጭነት ሄዷል። በአሥረኛው ቀን ባልዲ ደፍታ ተቀመጠችበትና አልነሳም አለች።

ብሩክታይት መጥታ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለች። «ምንድነው ይላሉ?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም ማለት?»

«ውሃ ቢበዛ ነው ብዬ ነበር። ውሃው ተቀነሰ፣ ሥሩ ነጭ ሆኗል፣ አየሁት። ቅጠሉ ግን አልመለስ አለ። አላውቅም፣ ልጄ። ደክሞኛል።»

ብሩክታይት ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። «አለቃዬ ትናንት ደውሎ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «የጠፋው ችግኝ ለምን እንደጠፋ ሪፖርት ጻፊ ብሎኛል። ‹የማኅበሩ አባላት ያለ ባለሙያ ፈቃድ ውሃ በማብዛታቸው› ብለሽ ጻፊው አለኝ። እንዲህ ከተጻፈ እኔን አይነካኝም።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«እሺ አልኩ። ምን ልበል? ዝውውር ጠይቄያለሁ። እናቴን ካየሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። አንዴ መንገዱ ይዘጋል፣ አንዴ ፈቃድ የለም ይሉኛል። ይኼ ከፋይሌ ጋር ከተያያዘ ዝውውሩ ይቀራል።»

አገሬ ከመሬት ላይ የወደቀ ቅጠል አንስታ ጫፉን ትቆነጥር ጀመር። ከዚያ ለማንም ነግራው የማታውቀውን ነገር ነገረቻት። የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት በችግኝ ጣቢያው ዘጠኝ ሺህ የቡና ችግኝ ነበራቸው። የተከላው ቀን ስለቀረበ ቶሎ ይደግ ተብሎ የጣቢያው ኃላፊ ዩሪያ እጥፍ አድርጊ አላት። ያቃጥለዋል አለችው። የታዘዝሽውን ሥሪ አላት። ሠራች። በአምስተኛው ቀን ቅጠሉ ሁሉ ረገፈ። ከዚያ አንድ ወረቀት አምጥተው እዚህ ላይ አውራ ጣትሽን አድርጊ አሏት፤ ማንበብ አትችልም ነበር፤ አደረገች። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ‹በአጠጪዋ ግዴለሽነት› የሚል እንደሆነ ያወቀችው ከቋሚ ሠራተኛነት ወደ ቀን ሠራተኛነት ሲያወርዷት ነው።

«ከዚያ በኋላ ልጄ እፀገነት ሁለተኛ ክፍል ስትገባ ከእሷ መጽሐፍ ላይ ፊደል ቆጠርኩ» አለች። «ተናድጄ ነበር የጀመርኩት። ኋላ ንዴቱም ደከመኝና ዝም ብዬ ተማርኩት። ቋሚነቴ ግን አልተመለሰም። ዛሬ ጡረታ የለኝም።»

ብሩክታይት ቀና አለች። «ለምን ነገሩኝ?»

«ስለጠየቅሽኝ አይደለም። ዝም ብዬ ነው የነገርኩሽ። ደክሞኝ።»

ከዚያ ወዲያ ስለ ሪፖርቱ አልተነጋገሩም።

በማግስቱ አገሬ ነጠላዋን ልታጥብ ስንቄ ግቢ ውስጥ ሳፋ ዘረጋች። ሳሙናውን ብታሽ ብታሽ አረፋ አልወጣ አለ። ውሃው ላይ እንደ ተበጣጠሰ እርጎ ያለ ነጭ ነገር ይንሳፈፋል። ሳሙናው ነው የተበላሸው ብላ ተወችው። እንዲያው ቀና ስትል በአጥሩ ላይ የስንቄን ጎረቤት ግቢ አየች። የጎረቤቷ ስም እትዬ ከድጃ ነው፤ የሞጣ ተወላጅ ናቸው፤ ባላቸው ሐጂ ሰዒድ ጨርቃ ጨርቅ ይነግዳሉ። እትዬ ከድጃም ልብስ እያጠቡ ነበር። እጃቸው እስከ ክርናቸው በአረፋ ተሸፍኗል።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ ከድጃ። ምን ሳሙና ነው የእርስዎ?»

«አልሐምዱሊላህ። ያው የሁላችንም ሳሙና ነው፤ ከዚሁ ሱቅ የተገዛ። ውሃው ነው እንጂ» አሉ እትዬ ከድጃ። «ይኼ የጣሪያ ውሃ ነው። ልብስ በጉድጓድ ውሃ ታጥቦ አይነጣም። ስንቄንም ነግሬያት ነበር።»

አገሬ ነጠላዋን ሳፋው ውስጥ ትታ ወደ ስንቄ ማድቤት ገባች። ማንቆርቆሪያውን አንስታ ውስጡን አየች። ነጭ ቅርፊት ጋግሯል፤ በጥፍሯ ስትፍቀው አይለቅም። ከዚያ ወደ ፕላስቲክ ቤቱ ሄዳ የከረጢቶቹን አፍ አየች። አፈሩ ዳር ላይ፣ ደርቆ ሲታይ፣ ያው ነጭ ነገር አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስታየው ኖራ የዩሪያ ቅሪት ነው ብላ አልፋዋለች።

«ስንቄ» ብላ ተጣራች። «ጉድጓዱ መቼ ነው የተቆፈረው?»

«ጥር ላይ። ከዚያ በፊት ከምንጭ እየቀዳን ነበር።»

«ችግኙስ ከዚያ በፊት ቢጫ ነበር?»

ስንቄ ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ገብቷታል። ያ ጉድጓድ የሦስት ዓመት ልመና ነው። ማመልከቻ ይዘው ከቢሮ ቢሮ ተንከራተዋል፤ ድንጋዩን አሥራ ሁለቱ ሴቶች በጀርባቸው አጓጉዘዋል፤ ፓምፑ የተከፈተ ዕለት አልቅሰዋል።

«ጉድጓዱን ነው የምትዪው?» አለች።

«ለሰው ደግ ነው። ለከብትም ደግ ነው። ለዚህ ተክል ግን አልሆነም መሰለኝ።»

ስንቄ ማጠጫውን መሬት ላይ አስቀምጣ ሄደች። ሁለት ቀን አገሬን አላናገረቻትም፤ ራት ታቀርብላታለች፣ ትወጣለች።

ብሩክታይት ግን ነገሩን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ሞጣ ውስጥ የሚያስተምር አንድ የኬሚስትሪ መምህር ታውቃለች፤ የውሃ አሲድነት የሚለካበት ወረቀት ከእሱ ለምና መጣች። አንዱን ቁራጭ በጉድጓዱ ውሃ ነከረችው፤ ሰማያዊ ሆነ። ሌላውን እትዬ ከድጃ በጆግ በሰጧቸው የጣሪያ ውሃ ነከረችው፤ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ሁለቱን ጎን ለጎን መዳፏ ላይ አድርጋ ለአገሬ አሳየቻት።

«አሁን ገባኝ» አለች። «ብረት ነው ያነሰው። ብረቱ አፈሩ ውስጥ አለ፤ ይኼ ውሃ ግን ኖራ ስላለበት ይቆልፈዋል። ሥሩ ሊወስደው አይችልም። ክፍል ውስጥ ተምሬው ነበር፤ ፈተናም መጥቶልኛል። እንዴት እንደረሳሁት…»

«ምግቡ ፊቱ ቀርቦለት መብላት አልቻለም ማለት ነው።»

«እንደዚያ ነው። ዩሪያ ስጨምርበት ደግሞ አባባስኩት።»

«እኔም ውሃው ከየት እንደሚቀዳ አልጠየቅሁም» አለች አገሬ። «መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነበር።»

ቅጠል ላይ የሚረጭ ብረት ባሕር ዳር ይገኛል ተባለ፤ ያን ሰሞን ግን መንገዱ ተዘግቶ ነበር። አገሬ አርባ ችግኝ መረጠች፤ ሃያዎቹ ላይ ቀይ ክር አሰረች። ቀይ ክር ያለባቸው የጣሪያ ውሃ፣ የቀሩት የጉድጓድ ውሃ እንዲጠጡ። ከአንድ ጀሪካን የበለጠ አያስፈልግም ነበር። እትዬ ከድጃ ግን ጉዳዩን ሲሰሙ አሸንዳቸው ሥር ወዳለው ትልቅ ሮቶ ወሰዷት።

«ይኼ እስከ ግማሽ አለ» አሉ። «ዝናቡም ጀምሯል፤ ይሞላል። ለኛ ለልብስና ለዕቃ ነው፤ ተካፈሉት።»

«ሐጂስ?»

«ሐጂ ሱቅ ነው የሚውሉት። ውሃ መኖሩንም አያውቁም።»

አሥራ ሁለት ቀን ጠበቁ። ለአገሬ ይህ ከመለየቱም የባሰ አድካሚ ነበር። ሥራ የለም፤ መጠበቅ ብቻ። ጉልበቷ አብጦ በዱላ ትሄድ ጀመር። ከፋለ በየቀኑ እየደወለ መቼ ነው የምትመጪ ይላታል፤ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ትለዋለች። ጠዋት ጠዋት እየተነሳች ቀይ ክር ወዳለባቸው ችግኞች ሄዳ ታያለች። በዘጠነኛው ቀን ከጫፍ ላይ አንድ ትንሽ፣ ቀላ ያለ እንቡጥ ተፈታ። በአሥራ አንደኛው ቀን ተዘረጋ። ቅጠሉ እስከ ዳር ዳሩ አረንጓዴ ነበር። አገሬ ለማንም ሳትናገር አንድ ቀን ጨመረች፤ ሃያዎቹን ሁሉ አየች፤ አሥራ ሰባቱ አረንጓዴ አውጥተዋል። የጉድጓድ ውሃ የጠጡት ያው እንደገረጡ ናቸው።

ስንቄን ጠርታ አሳየቻት። ስንቄ ሁለቱንም ቅጠል በየእጇ ይዛ ለረጅም ጊዜ አየች።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። «ጀሪካን ስንት ያስፈልጋል?»

ከዚያ ሴቶቹ በየቤታቸው ጣሪያ ሥር በርሜል አቆሙ፤ የተቀዳደደ አሸንዳ በላስቲክ አሰሩ። ከእትዬ ከድጃ ሮቶ በቀን ሃያ ጀሪካን ይወጣ ጀመር። ሰኔ ሲገባ ዝናቡ በረታ፤ ውሃ ችግር መሆኑ ቀረ። መመገቡን አገሬ ራሷ አስጀመረች። የበሰለ ኮምፖስት በጆንያ አስራ በርሜል ውስጥ አራት ቀን አስዘፈዘፈች፤ ውሃው ሲወጣ ቀጭን ሻይ እስኪመስል አቅጥና፣ አስቀድሞ በረጠበ አፈር ላይ፣ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ እንዲጠጣ አደረገች። «ደረቅ አፈር ላይ አታፍስሱ፤ ሥሩን ይለበልበዋል» አለቻቸው። «አዲስ ቅጠል ካላወጣ የተቀበለውን አልጨረሰም ማለት ነው። ጠብቁት።» ብሩክታይት ሁሉንም ጻፈች።

አገሬ ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት ብሩክታይት አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። «ያንብቡት» አለች፤ ቁጭ አለች።

አገሬ ወረቀቱን ራቅ አድርጋ ይዛ እየቆመች፣ እየቀጠለች አነበበችው። ረጅም ነው። መካከል ላይ እንዲህ ይላል፦ ‹የዩሪያው መጠን እንዲጨምር ያዘዝኩት እኔ ነኝ። የማኅበሩ አባላት የታዘዙትን ነው የፈጸሙት። የጉድጓዱ ውሃ ለችግኙ ከመዋሉ በፊት አልተመረመረም፤ ይህም የእኔ ኃላፊነት ነበር።› ሥሩ ላይ ስሟና ፊርማዋ አለ።

«ዝውውርሽስ?»

«ይቀራል ብዬ ነው የማስበው።»

«ልትቀይሪው ትችያለሽ። ገና አልሰጠሽውም።»

«ጠዋት ሰጠሁት። ይኼ ኮፒው ነው።»

አገሬ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፋ መለሰችላት። እጇን የልጅቱ ትከሻ ላይ አሳረፈች። ብሩክታይት መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች፤ መልሳ አደረገችው።

አለቃዋ ተቆጣ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጣት፤ የዝውውር ጥያቄዋም ለአንድ ዓመት ተላለፈ። ማኅበሩን ግን ማንም አልነካውም፤ የተሰጣቸው ቦታም አልተነጠቀም። ከቀሩት ሦስት ሺህ ሰባ ችግኞች ውስጥ በሐምሌ መጨረሻ የምርጥ አቮካዶ ቅርንጫፍ ተቀጥሎበት ለመዳቀል የደረሰው አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ነበር። ሌላው ዘግይቷል፤ የተወሰነውም አልዳነም። ስንቄ ያሰበችው ያህል አልሆነም። ባዶ እጇንም አልቀረችም። ለእትዬ ከድጃ ሦስት ችግኝ ይዛላቸው ሄደች፤ እሳቸውም ከሮቶው አጠገብ ተከሉት።

አገሬ ቢቸና ተመልሳ አራት ቀን ተኛች። ከፋለ ጤና ጣቢያ ወስዶ ጉልበቷን አስመረመራት፤ ከእንግዲህ ቁጢጥ ማለትም ጎንበስ ማለትም የለም አሏት። እሺ ብላ ወጣች። መንገድ ላይ «ታዲያ ምን ልሥራ?» አለችው። ከፋለ ክንዷን ይዞ ሄደ።

በነሐሴ አጋማሽ ብሩክታይት ደወለች። የዓመት ፈቃድ አግኝታለች፤ አሥራ አምስት ቀን። በቢቸና አልፋ ደጀን ታድራለች፤ ከዚያ አዲስ አበባ፤ ከዚያ ሐዋሳ። ሚኒባሱ ቢቸና ለምሳ ግማሽ ሰዓት ይቆማል።

አገሬ ዱላዋን ይዛ መናኸሪያ ወረደች። ብሩክታይት ከስታለች፤ ጸጉሯን ተሠርታለች። አንድ ምግብ ቤት ገብተው ሽሮ አዘዙ። ልጅቷ እየበላች ስለ መንገዱ አወራች፤ ስንቄ ሰላም እንዳለቻት ነገረቻት። ከዚያ እንጀራውን እንደያዘች ቆም አለች።

«ፈራሁ» አለች። «ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ነው። በስልክ ብቻ ነው የማወራት። እናቴ አርጅታ ብትቆየኝስ?»

«ታረጃለች» አለች አገሬ። «አንቺም ከስተሻል። መጀመሪያ ቀን ሁለታችሁም ታፍራላችሁ። በሁለተኛው ቀን ትስተካከላላችሁ።»

ብሩክታይት ሳቀች። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ተሳሳሙ፤ ልጅቷ እየሮጠች ተሳፈረች፤ በመስኮት እጇን አውጥታ አወዛወዘች። አገሬ ሚኒባሱ መታጠፊያው ጋ እስኪሰወር ቆማ አየች። ከዚያ አቀበቱን ወደ ቤቷ መውጣት ጀመረች፤ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆማ አረፈች።